አኳሪየም ገዝታችሁ በሳምንቱ ዓሣው ካለቀባችሁ ይሄንን አንብቡ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አይደለም። ስለ ዓሣ ነው። የሐይቁን ሳይሆን ሳሎን ውስጥ በመስታወት የሚቀመጠውን። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን ዓሣ ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ያተርፍላችኋል።

መጀመሪያ የራሳችንን ጉድ እንንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በአውቶቡስ፣ ከመናኸሪያ ቤት ድረስ ደግሞ በባጃጅ፣ ፌስታሉን እንደ ሕፃን ታቅፈን ነበር ያመጣናቸው። ስድስት ጎልድፊሽ። መስታወቱ አዲስ፣ ጠጠሩ ታጥቦ የተደረደረ፣ ውሃው ኩልል ያለ። ፎቶ አንስተን ፖስት ሁሉ አድርገናል። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ከውሃው አፍ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። "ርቧቸው ነው" ብለን ምግብ ጨመርን። (ይሄ ምን ዓይነት ስህተት እንደሆነ ዝቅ ስትሉ ይገባችኋል።) በስምንተኛው ቀን የቀረው አንድ ብቻ ነበር። አንዱ ጓደኛችን "የሰው ዓይን ነው የበላቸው" አለ። ሌላው "የታመመ ነው የሸጡላችሁ" አለ። ሻጩ ጋ ስንደውል "ሙሉውን ውሃ ቀይሩላቸው" አለን። ቀየርን። የቀረውም ሞተ።

የሰው ዓይን አልነበረም። ዓሣዎቹ የታመሙም አልነበሩም። የሞቱት በራሳቸው ቆሻሻ ተመርዘው ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእኛ ነው፤ ገና ያልተዘጋጀ ውሃ ውስጥ ነው የከተትናቸው። ኩልል ያለ ውሃ ዝግጁ ውሃ ማለት እንዳልሆነ ማን ነግሮን!

አሞራ ገደል ያለ አባ ኮዳ

በዓሣ ከተማ እየኖሩ ስድስት ዓሣ ማኖር አለመቻል ያሳፍራል። አሞራ ገደል ሄዶ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ያልበላ የሐዋሳ ልጅ አለ እንዴ? ግን እዚያው ቦታ ላይ መልሱ ፊታችን ቆሞ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲገፉ አንጀቱንና አጥንቱን ይጥሉታል። የሚጣለውን ጠብቆ የሚውጠው ማነው? አባ ኮዳ። ያ ራሰ በራ፣ ረጅም እግር፣ መልኩ የማያምር ወፍ። አሁን አንድ ቀን ጠዋት አባ ኮዳዎቹ በሙሉ ጠፍተዋል እንበል። ውሾቹም፣ ሌሎቹ አሞራዎችም የሉም። ዓሣ መገፋቱ ግን ይቀጥላል። በሳምንቱ አሞራ ገደል መቆም የሚችል ሰው አይኖርም።

አዲስ አኳሪየም ማለት አባ ኮዳ የሌለበት አሞራ ገደል ነው። ቆሻሻው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይመረታል፤ የሚያነሳው ግን ገና አልመጣም። በአኳሪየም ውስጥ ይሄንን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ሲፈጭ አሞኒያ ያመነጫል፣ አብዛኛውንም በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ይለቀዋል። ሳይበላ ቀርቶ የበሰበሰ ምግብም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ማለት ያ የቆየ ሽንት ቤት ስትገቡ አፍንጫችሁን የሚወጋችሁ ነገር ነው። ውሃ ውስጥ ሲሆን ሳይሸት ስንጥባቸውን ያቃጥላል። ለዚያ ነው እኛ "ርቧቸው ነው" ያልናቸው ዓሣዎች ወደ ላይ የወጡት። መተንፈስ አቅቷቸው ነበር። እኛ ደግሞ ምግብ ጨምረን አሞኒያውን አባዛነው።

አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይሄንን አሞኒያ ይበላና ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል። ደስ አይበላችሁ፣ ናይትራይትም መርዝ ነው። የዓሣው ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ያበላሸዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል፣ ዓሣው ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ከዚያ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወስዶ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት በጣም ካልበዛ ዓሣውን አይጎዳም። በየጊዜው ትንሽ ውሃ በመቀየር ይወጣል።

አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት። በዚህ ቅደም ተከተል። ሰንሰለቱ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ተሟልቶ እንዲሠራ ማድረግ በዓሣ አርቢዎች ቋንቋ "ሳይክል ማድረግ" ይባላል። ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አዎ፣ ባዶ መስታወት እያዩ አንድ ወር ከምናምን። እናውቃለን፣ ያናድዳል።

የእናቶቻችን እርሾ

ባክቴሪያዎቹ ከየት ይመጣሉ? ከአየሩም፣ ከውሃውም፣ ከጠጠሩም በጣም ጥቂቶች ሁሌም አሉ። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚራቡት በዝግታ ነው። ምግብ የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች በግማሽ ሰዓት እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነዚህ ግን እጥፍ ለመሆን ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋሉ።

ሊጥ የሚያቦካ ሰው ቤት ያደገ ይሄ አይከብደውም። ዱቄትና ውሃ ብቻ ቀላቅላችሁ ብታስቀምጡ መቦካቱ አይቀርም፣ ግን ይዘገያል። ከጎረቤት እርሾ ከተለመነ ግን በአጭር ቀን ያልቃል። አኳሪየምም እርሾ አለው። ዓሣ ለረጅም ጊዜ ያኖረ ጓደኛ ካላችሁ፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ግማሽ ቆርጦ ይስጣችሁ። ያ ቆሻሻ የሚመስል ቡናማ ስፖንጅ በእነዚህ ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው። ሳይታጠብ፣ ሳይደርቅ፣ በራሱ በአኳሪየሙ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በፌስታል ይምጣ፤ በዚያው ቀን የእናንተ ፊልተር ውስጥ ይግባ። አንድ ወር የሚፈጀው ሥራ ወደ አንድና ሁለት ሳምንት ሊያጥር ይችላል። ዓሣዎቹ የታመሙበት ቤት ግን አትለምኑ፤ እርሾው በሽታውንም ይዞ ይመጣል።

ልብ በሉ፣ ባክቴሪያዎቹ ውሃው ውስጥ ተንሳፈው አይኖሩም ማለት ይቻላል። የሚኖሩት ተጣብቀው ነው፦ ስፖንጁ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ። ሻጩ "ሙሉውን ውሃ ቀይሩ" ሲለን ያልነገረን ይሄንን ነው። ውሃውን ብቻ ብንቀይር ኖሮ ነገሩ ይሻል ነበር። እኛ ግን ጠጠሩንም ስፖንጁንም አውጥተን በቧንቧ ውሃ አሸነው! በስምንት ቀን የተራባችውን ትንሿን ነገር ክሎሪን ባለው ውሃ አጠብናት።

ለባክቴሪያ ቤት የሚሆን ነገር ደግሞ እዚህ አገር በነፃ አለ ማለት ይቻላል። ሐዋሳ ያለችው በስምጥ ሸለቆ፣ በድሮ እሳተ ገሞራ ምድር ላይ ነው። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀዳዳ ቀዳዳ ቀላል ድንጋይ፣ ፑሚስ የሚባለው፣ በየአካባቢው ሞልቷል። ለግቢና ለመንገድ የሚደፋው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም እንደዚያው ቀዳዳ የበዛበት ነው። ሰዎች በውድ ዋጋ የሚያስመጡት "ባዮ ሚዲያ" የሚባለው ነገር ሥራው ይኸው ነው፤ ብዙ ቀዳዳ፣ ብዙ መኖሪያ። ንፁህ ቦታ የነበረውን ምረጡ፣ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ቀቅሉት፣ ፊልተሩ ውስጥ ጨምሩት። ፑሚሱ መጀመሪያ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ሲጠግብ ይሰምጣል።

ስለ ሐይቁ ውሃ

"ሐይቁ ባክቴሪያ ካለው ለምን ከሐይቁ አንቀዳም?" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን። አታድርጉት። የሐዋሳ ሐይቅ አካባቢ የቢልሃርዝያ በሽታ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሐይቁ ዳር ካለው ሣርና ቅጠል ጋር ይኖራሉ። ከሐይቁ ያመጣችሁት አንድ ባልዲ ውሃና አንድ እፍኝ ተክል እጃችሁን በየሳምንቱ የምትከቱበት ሳሎናችሁ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በዚያ ላይ የዱር ዓሣ ጥገኛ ተውሳክ ለገበያ ዓሣ አይበጅም።

ሌላም ነገር አለ። የሐይቁ ውሃ አልካላይን ነው፤ ፒኤቹ ከ8 በላይ ነው። ይሄ ቁጥር ለአኳሪየም ሰው ትልቅ ነገር ነው። አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፦ አንዱ በጣም መርዛማ፣ ሌላው ብዙም የማይጎዳ። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው በዋናነት ፒኤች ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ፒኤቹ 7 ከሆነ፣ ከአሞኒያው መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው። ፒኤቹ 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይወጣል። 9 ላይ ከሦስት እጅ አንዱ በላይ መርዝ ነው። ስለዚህ አውሮፓ ያለ ዩቲዩበር "ትንሽ አሞኒያ ችግር የለውም፣ ዓሣ አስገብታችሁ ሳይክል አድርጉ" ሲላችሁ፣ የሚያወራው ስለ ራሱ ውሃ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ምሕረት የለውም። የቤታችሁን የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ፒኤች ሳትለኩ ምንም አትጀምሩ።

መልካም ዜናም አለው። ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሲሠሩ በውሃው ውስጥ ያለውን ባይካርቦኔት ይጠቀሙበታል፤ ካለቀባቸው ሥራ ያቆማሉ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔት ሞልቶታል። ለዓሣው ክፉ የሆነው ውሃ ለባክቴሪያው ድግስ ነው ማለት ነው። ባዶውን ሳይክል ማድረግ የሚያዋጣን ለዚህም ነው።

ሁለተኛ ሙከራችን

ከተቃጠልን በኋላ እንደገና ጀመርን። 60 በ30 በ35 ሳንቲሜትር መስታወት፣ 63 ሊትር። (ሲሞላ ውሃው ብቻ 63 ኪሎ ነው፤ ከቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አትጫኑት።) ውሃውን በባልዲ ከፍተን ከ24 ሰዓት በላይ አሳድረን ክሎሪኑ እንዲወጣ አደረግን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ያለው ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። እባካችሁ፣ "ንፁህ ይሁን" ብላችሁ ውሃ አጋር ወይም በረኪና እንዳትጨምሩ። ባክቴሪያ ልናራባ ነው እንጂ ልንገድል አይደለም።

ፊልተሩን አበራን፣ ዓሣ ግን የለም። ታዲያ ባክቴሪያው ምን ይብላ? አንዳንዱ ሰው ሽታና ሳሙና የሌለበት ንፁህ አሞኒያ ይጠቀማል። ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፣ ምክንያቱም መጠኑን በልክ መቆጣጠር ይቻላል፤ 2 ሚሊግራም በሊትር ይበቃል። ከበረኪና ጋር ግን በምንም ተዓምር አይገናኝ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጥሬ ዓሣ ቆርጠው የሚጨምሩም አሉ፤ እኛ በበሽታው ምክንያት አልደፈርንም። (ሽንት የሚጠቀሙ ሰዎችም በዓለም ላይ አሉ። በሳይንስ ያስኬዳል። እንግዳ ሳሎን ውስጥ ግን...) እኛ የመረጥነው ተራውን መንገድ ነው፦ ዓሣ እንዳለ ቆጥረን በየቀኑ ቆንጠር አድርገን የዓሣ ምግብ መጨመርና እንዲበሰብስ መተው።

በአራተኛው ቀን ውሃው ወተት የጠብ የተደረገበት መሰለ። ደነገጥን። ይሄ ግን የበሰበሰውን ምግብ የሚበሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች በአንዴ ሲራቡ የሚመጣ ነው፤ ዝም ሲሉት በራሱ ይጠራል። በሳምንቱ አሞኒያው 2 ደረሰ። በ13ኛው ቀን ናይትራይት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። ከዚያ የሚያሰለቸው ጊዜ መጣ። አሞኒያው እየወረደ፣ ናይትራይቱ ከመለኪያው ቀለም በላይ እየሆነ ሁለት ሳምንት ቆመ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ዓሣ የሚያስገባው እዚህ ጋ ነው። በ38ኛው ቀን ምግብ ጨምረን በ24 ሰዓት ውስጥ ስንለካ አሞኒያም ዜሮ፣ ናይትራይትም ዜሮ፣ ናይትሬት ብቻ ከፍ ብሎ አገኘን። ለማረጋገጥ ሦስት ቀን ደገምነው። ያው ነው። በቃ፣ አለቀ። ከውሃው ከግማሽ በላይ ቀይረን ናይትሬቱን አወረድን።

ለምን ረዘመብን? አንዱ ምክንያት ብርዱ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሐዋሳ ብርድ ሲገባ ሂተር የሌለው መስታወት ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ሥራቸውም ይጓተታል። ሊጥ ደጋ ላይ እንደሚዘገየው ማለት ነው።

ሳይንሱን ለሚወዱ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያወጣቸው ሩሲያዊው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ። ከዚያ ለአንድ መቶ ዓመት ገደማ ናይትራይቱን የሚበላው "ናይትሮባክተር" ነው ሲባል ኖረ፤ ብዙ ቪዲዮዎች አሁንም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን ተመራማሪዎች የአኳሪየም ፊልተሮችን ሲመረምሩ ሥራውን የሚሠራው "ናይትሮስፓይራ" የሚባል ሌላ ዘር ሆኖ አገኙት። በ2015 ደግሞ ከአሞኒያ እስከ ናይትሬት ያለውን ሥራ ለብቻው የሚጨርስ ናይትሮስፓይራ መኖሩ ታወቀ። ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የዓሣ እርባታ ፊልተር ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው "የባክቴሪያ መድኃኒት" አንዳንዱ የሚሠራው፣ አንዳንዱ ውሃ ብቻ የሚሆነው በዚህም ምክንያት ነው። ትክክለኛው ዘር ገብቶበት ይሆን? በመንገድ ላይ በሙቀት ሞቶ ይሆን? ጠርሙሱ አይናገርም። ገዝታችሁም ከሆነ መለካቱን አትተዉ።

መብራት ሲጠፋስ?

ይሄ የእኛ አገር ጥያቄ ነው፤ የውጭ ቪዲዮዎች ላይ አታገኙትም። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ፊልተሩ ቆሞ ውሃ ካላለፈባቸው፣ በተለይ ተዘግቶ ከውጭ የሚቀመጥ ፊልተር ከሆነ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መታፈን ይጀምራሉ። አንድ ሙሉ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፊልተሩን ዝም ብላችሁ ብታበሩት፣ ውስጡ የበሰበሰው ሁሉ በአንዴ ዓሣው ላይ ይለቀቃል። መጀመሪያ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ አለቅልቁት፣ ከዚያ አብሩ።

እኛ የምንመክረው በኤር ፓምፕ የሚሠራውን ተራ ስፖንጅ ፊልተር ነው። ርካሽ ነው፣ ስፖንጁም ክፍት ሆኖ ውሃው ውስጥ ስለሚቀመጥ ቶሎ አይታፈንም። በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ካገኛችሁ ደግሞ ስልካችሁን የምትሞሉበት ፓወር ባንክ ሌሊቱን ያሳድረዋል። እሱም ከሌለ በየሰዓቱ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መመለስ ነው። በዚያ ቀን ምግብ አይሰጥም። ዓሣ አንድ ቀን ባይበላ ምንም አይሆንም።

"እኔ ግን ዓሣ አስገብቻለሁ፣ አሁን ምን ላድርግ?" ለምትሉ፦ ምግቡን በሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም ትንሽ አድርጉት። ክሎሪኑ በወጣለት፣ ሙቀቱ ተቀራራቢ በሆነ ውሃ በየቀኑ ከአራት እጅ አንዱን ቀይሩ። ናይትራይት ከታየ በአንድ ሊትር አንድ ግራም ገደማ ጨው ለብቻ አሟምታችሁ ጨምሩ፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ ወደ ደማቸው እንዳይገባ ይከላከላል። ስፖንጁን አትንኩት። ዓሣ ደግሞ እስከዚያ አትጨምሩ።

ሳይክሉ ካለቀም በኋላ በአንድ ቀን አሥር ዓሣ አይገባም። የባክቴሪያው ብዛት በቆሻሻው ልክ ነው፤ ዓሣው በአንዴ ሲበዛ ወደ ኋላ ይቀራሉ። እኛ በሦስት ጋፒ ነው የጀመርነው። ጎልድፊሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አንመክርም፤ ትልቅ ይሆናል፣ ቆሻሻው ብዙ ነው፣ 63 ሊትር ለስድስት ጎልድፊሽ ከመጀመሪያውም አይበቃም ነበር። ጋፒ ግን አልካላይን ውሃ ይስማማዋል። "ቆሮሶስ?" ላላችሁ፣ ቆሮሶ ሲያድግ መስታወቱን ሙሉ የኔ ነው የሚል ተደባዳቢ ነው። ሐይቁ ውስጥ ይኑር።

በየሳምንቱ የምትቀዱትን የአኳሪየም ውሃ ደግሞ አትድፉት። ናይትሬት ማለት ማዳበሪያ ነው። ጨው ካልገባበት በቀጥታ ለጎመንና ለአበባ ይሆናል። ከሦስቱ ጋፒዎች ሁለቱ ሴት ስለነበሩ አሁን ቁጥራቸውን ትተነዋል፤ የግቢያችን ጎመንም ተመችቶታል።